«ጣት ብቻ ነው እኮ!»

እኔ የምለው፣ «ጣት ብቻ» ማለትን ማን አስተማረን? ሰውየው ከሆስፒታል ይወጣሉ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ አንዱ ዘመድ ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ የማንጎ ጭማቂ በካርቶን ተሸክሞ ይመጣል (ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው፣ አልፈጠርኩም)። ከዚያ ያቺ የታወቀች ንግግር ትከተላለች፦ «ጋሼ፣ እግርዎ ቢሆን ኖሮስ? ጣት ብቻ ነው እኮ፣ ተመስገን ነው!» በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። «እስቲ ሌላኛውን እግርዎን ያሳዩኝ» የሚል አንድ ሰው የለም።

ተመስገን ማለት ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። የምቃወመው «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው።

ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ ደም ሥሩንም ያጠባል። የደነዘዘ እግር ጠጠር ቀኑን ሙሉ ቢወጋው አይሰማውም፤ ደም በደንብ የማይደርሰው ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። በስኳር ምክንያት ከሚቆረጡ እግሮች ወደ 85 በመቶ የሚሆኑት ነገራቸው የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ተራ ቁስል ነው። አውራ ጣት ሲቆረጥ ጣጣው አያልቅም። ስንራመድ መሬቱን የምንገፋው በእሱ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ሌላው የእግር ክፍል ይዞራል፣ እዚያ መጅ ያወጣል፣ ከመጁ ሥር ይቆስላል። ጣቱ የተቆረጠ ሰው ቀጣዩን ጣት፣ ብሎም ሙሉ እግሩን ለማጣት ከማንም በላይ የቀረበ ሰው ነው። እኛ ግን «ዳነ» ብለን ቡናችንን ጠጥተን እንሄዳለን።

አጎቴ የካዛንቺስ ሰው ናቸው። እግራቸው «ሲቀዘቅዝባቸው» ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነና ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ አዘዘላቸው። ነከሩት። ውሃው ያቃጥል እንደነበር የሚነግራቸው ነርቭ ከሞተ ቆይቷል። ቆዳው ተላጠ፣ ቁስሉ መረቀዘ፣ ሁለት ጣት ሄደ። ከዚያ በፊት ስሙን በማልጠራው ጤና ተቋም ለዓመታት ክትትል ነበራቸው፤ በየቀጠሮው ጣታቸው ተወግቶ ስኳራቸው ይለካል፣ መድኃኒት ይጻፋል፣ «የሚቀጥለው!» ይባላል። አንድም ቀን «ጫማዎን ያውልቁ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ከካዛንቺስ ወረድ ሲባል ደግሞ ፍል ውሃ አለ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚህ ውሃ ምክንያት ነው፣ ክብሩን አልነካም። ግን ስንቱ የስኳር ሕመምተኛ ነው «ደሜን ያንቀሳቅስልኛል» እያለ የደነዘዘ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፈው? ከመግባት በፊት ውሃውን በክርን መሞከር፣ ወይም ያልታመመ ሰው እንዲነካው ማድረግ እኮ ሳንቲም አያስወጣም።

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ጊዜ የለውም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ረጅም ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ከስኳር ጋር ይኖራሉ። ነገር ግን ካልሲ ማውለቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የእግርን ስሜት የሚለካው መሣሪያ ራሱ አንዲት ቀጭን የናይሎን ክር ናት፤ መብራትም ኢንተርኔትም አትፈልግም። የአውሮፓ ሀገሮች በ1989 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተሰብስበው በስኳር የሚመጣ የእግር መቆረጥን በአምስት ዓመት በግማሽ እንቀንስ ብለው ተስማምተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የተከበረው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን መሪ ሐሳብም እግር ነበር። አዲስ ነገር አላወራሁም ማለት ነው።

ጥላሁን ገሠሠን እናስታውስ። በስኳር በሽታ አንድ እግሩን ያጣው የእኛው ጥላሁን ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲሞት ሀገር አለቀሰ፣ በክብር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ስለ ድምፁ ያልተባለ ነገር የለም። ስለ እግሩስ? በሚሊዮኖች የሚወደድ ሰው እግሩን አጥቶ እንኳ የየቤታችንን አባትና እናት ካልሲ ማስወለቅ አልቻልንም።

አሁን ደግሞ ሰፈሩ ተበተነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄዷል። እውነቱን ለመናገር አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፤ ሁለት ጣት ለጎደለው ሰው ከድሮው ጉድጓዳም መንገድ በስንት ጣዕሙ! ችግሩ ያ ሰው አሁን እዚያ አይኖርም። በእግሩ ይደርስበት የነበረው ዘውዲቱ ሆስፒታል ዛሬ በታክሲ ቅብብል የሚደረስበት ሆኗል፣ በታክሲው ወረፋ ውስጥ ደግሞ እግር የማይረግጥ ሰው የለም። ቤት ሲሰጥ የክፍሉ ብዛት ተጠይቋል፤ የክትትል ካርድ ያለው ሰው የት ይታከማል የሚለውን ማን ጠየቀ?

አጎቴ ቤት ውስጥም ነጠላ ጫማ ማድረግ ትተዋል። ከመጫማታቸው በፊት ጫማውን ገልብጠው ያራግፋሉ፣ እጃቸውን ከተው ውስጡን ይዳብሳሉ። ማታ ማታ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው የውስጥ እግራቸውን ያያሉ። ጫማ የሚገዙት ሰፊ አፍንጫ ያለውን ብቻ ነው፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ በሚልበት ሰዓት። ይህን ሁሉ የተማሩት ሁለት ጣት ከፍለው ነው።

የስኳር ሕመም ቀን በየዓመቱ ኅዳር 5 ግድም ይመጣል። የእግር ጉዞ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ መነሻው ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ እግሩ ይታይለት። ቲሸርቱ ከዚያ በኋላ ይታደል።