የትምህርት ምርጫ የወላጅ ነው ወይስ የልጅ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የዩኒቨርስቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚቀጥሉበትን የትምህርት ክፍል መርጠው ቅጽ የሚሞሉበት ጊዜ በደረሰ ቁጥር በየቤቱ ክርክር ይነሣል። ዘንድሮ በእኔም ቤት ተነሥቷል። ስለዚህ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላ ወላጅ እንዳይደግመው በማሰብ ይህችን አጭር አስተያየት ለአንባቢያን እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ታላቁ ልጄ በ2006 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሲገባ የልቡ ምኞት የሒሳብ አስተማሪ መሆን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በአጥራችን ቆርቆሮ ላይ በከሰል እየጻፈ ያስተምር ነበር። እኔ ግን «የአስተማሪ ደመወዝ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም፤ ዘመኑ የግንባታ ነውና መሐንዲስ ሁን» ብዬ አጥብቄ ያዝሁት። ያን ጊዜ በየአቅጣጫው ፎቅና መንገድ፣ የጋራ መኖሪያ ቤትም ይሠራ ስለ ነበር፣ ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። መንግሥትም ቢሆን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፣ ወደ ዩኒቨርስቲ ከሚገቡት ተማሪዎች ከመቶ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚያደርግ መመሪያ አውጥቶ ነበር።

ልጁም አባቱን አክብሮ እሺ አለ፤ አምስት ዓመት ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ በ2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ነገር ግን እኔ ያሰብሁትን ሌላውም አባት ሁሉ አስቦት ኖሮ፣ ለአንድ ክፍት ቦታ የሚሰለፈው ተመራቂ እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ቆይቶ፣ ዛሬ በሰው መኪና የታክሲ ሥራ ይሠራል። ሥራ ክቡር ስለሆነ በዚህ አላዝንም። የማዝነው አንድ ቀን ማታ እራት ላይ «አባባ፣ ሒሳብ ተምሬ ሥራ ባጣ ኖሮ ሒሳቡ ይቀርልኝ ነበር» ሲለኝ የምመልስለት በማጣቴ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ገበያ አይቶ የተመረጠ ትምህርት ገበያው ሲለወጥ ባለቤቱን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ዛሬ ሥራ የበዛበት ሙያ ልጁ እስኪመረቅ ድረስ ባለበት እንደሚቆይ ማን ዋስ ይሆናል? ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ሳይወድ የተማረ ልጅ ለዚህ ፈተና በምን ልቡ ይዘጋጃል?

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ይሁን እንጂ ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል በመሆኑ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ታላቅ የመስታወት ሥዕል ለመሥራትም በቁ። እርግጥ ነው፣ ሥዕል የወደደ ሁሉ አፈወርቅ ተክሌ አይሆንም። ፍቅር ብቻውንም እንጀራ አይጋግርም፤ የደኻ ልጅ ተመርቆ ታናናሾቹን መርዳት አለበት። ስለ ሥራ አታስቡ ማለቴ እንዳይመስልብኝ።

እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። አስቀድሞ ልጁ ማንም ሳያዘው ምን ሲሠራ እንደሚያመሽ እንይ። ቀጥሎ «በዚህ ትምህርት የሚተዳደሩ ሰዎች ምን ምን ይሠራሉ?» ብለን ራሱ ሄዶ እንዲጠይቅና እንዲነግረን እናድርግ። ዩኒቨርስቲዎችም ቅጹን ከማደላቸው በፊት፣ ከየትምህርት ክፍሉ ባለፉት ዓመታት የተመረቁት የት እንደ ደረሱ በሰሌዳ ቢለጥፉ፣ ተማሪው በወሬ ከመምረጥ ይድናል። ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት የሚወሰን በመሆኑ፣ ልጁ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫውንም አስቦበት መሙላት ይገባዋል።

ሴት ልጄ ታሪክ መማር ትፈልጋለች። እናቷ «ታሪክ ምን ያበላል?» ብላ ትጨነቃለች፤ ጭንቀቷም የእናት ነውና አልፈርድባትም። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ብዕሩን ለባለቤቱ ትቻለሁ። የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከታሪኩ ጋር አንድ የውጭ ቋንቋና የኮምፒዩተር ሥራ አጥብቃ እንድትማር ነው። እሺ ብላኛለች።

ወንድሟም ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ያስጠናል። እኔም ከጓዳ ሆኜ ድምፁን ስሰማ፣ ያን ጊዜ ይህን ድምፅ ለምን እንዳልሰማሁት ራሴን እጠይቃለሁ። ቅጹ በልጆቻችሁ እጅ ያለ ወላጆች፣ እባካችሁ እናንተ ዛሬ ስሙ።

አንድ አባት
ከደብረ ብርሃን