የጣና ደሴቶች ከማን ተነጠሉ?

ስለ ጣና ደሴቶች የሚጻፈው ሁሉ፣ ከአስጎብኚ መጽሔት እስከ ጥናት ጽሑፍ መግቢያ ድረስ፣ አንድ ዜማ አለው። ደሴቶቹ ከዓለም የተነጠሉ ናቸው ይባላል፤ ቅርሱና ሥርዓቱ እስከ ዛሬ የቆየው ውኃው ስለ ከለለው ነው ይባላል፤ ከባሕር ዳር ጫጫታ ለግማሽ ቀን በጀልባ ሸሽቶ ለሚሄድ ሰውም ማረፊያ ናቸው ይባላል። በመጨረሻው አልከራከርም፤ ጎብኚ ያየውን ይናገራል። የቀሩት ሁለቱ ግን የታሪክ ድምዳሜዎች ስለሆኑ ማስረጃ ይጠየቅባቸዋል።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ለምን እንደሚጥም ይገባኛል። የእኛን ወረዳ ወግዲን ከምሥራቅ ጎጃም የሚለያት ዓባይ ነው። እዚህ ዓባይ ማለት ገደል፣ በረሃና ወባ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ማዶ ካለ ዘመድ መቆራረጥ ነው። ይኸው ውኃ ጣና ላይ ሳለ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢሆን ነው። በደንገል ታንኳ ማገዶና ቡና ጭኖ መቅዘፍ በክረምት ጭቃ አህያ ከመንዳት ይቀላል። ውኃ ሁሉ ይለያል ብሎ የሚነሳ ሰው ሐይቁን በገደሉ ዓይን እያየ ነው።

ዘጌን እንይ። (ዘጌ በየብስም የሚደረስባት ልሳነ ምድር ናት፤ ጎብኚው በጀልባ ስለሚሄድ ብቻ ደሴት ያደርጋታል።) ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም መሬቱ እንዳይታረስ ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ ሕዝቡም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ሆኗል። ጫካው ዛሬም ያለው በዚህ ነው። ታዲያ በሬ የማይጠመድበት አገር ጤፉን ከየት ያመጣል? ከገበያ ነው። የዘጌ የመነጠል ምልክት ተደርጎ የሚጠቀሰው ሥርዓት ራሱ ዘጌን ከውጭ ሰው ጋር ሳትነግድ መኖር እንዳትችል ያደረጋት ነው። የደቅም ነገር እንደዚሁ ነው። ትልቋ ደሴት ደቅ ገበሬ የሚያርስባት፣ ከብት የሚሰማራባት አገር ናት፤ ግን ሩቅ ስለሆነች የግማሽ ቀን ጉዞ አይደርስባትም። እናም ጎብኚው ገዳም ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ደሴት ማለት ገዳም ነው ብሎም ይጽፋል።

«ከባሕር ዳር ጫጫታ ሸሽቶ» የሚለው አነጋገርም የራሱ ችግር አለበት፤ ከተማውን መሐል፣ ደሴቱን ዳር ያደርጋል። ዛሬ የምናውቃት ባሕር ዳር የሃያኛው መቶ ዘመን ልጅ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫና ፖሊ ቴክኒኩ የተቋቋሙት በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ዳሩ ከተማው የቆመበት መሬት ነበር። ነገሥታቱ የት መቀበር መረጡ? የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብም ናርጋ ሥላሴን በደቅ ደሴት አሠርታለች። እቴጌ ቤተ ክርስቲያን የምታሠራበት፣ ነገሥታት የሚቀበሩበት ስፍራ እንዴት ከዓለም የተነጠለ ይባላል?

ከሁሉ በላይ የሚያስረዳልኝ ግን በእኛው ዞን በደቡብ ወሎ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ሲያደራጁ ስፍራው ደሴት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው እዚያ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትን ዝርዝር ይዟል፤ የዚያ ዘመን ደሴት መጻሕፍት ከያለበት የሚሰበሰቡባት ቤት ነበረች። የገዳሙ አለቃም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለሥልጣናት ተርታ ይቆጠር ነበር። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የገዳማትንና የዙፋኑን ትስስር በሰፊው ካሳዩ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል፤ የአስጎብኚው ዜማ ግን አልተለወጠም።

ተቃራኒው ወገን ጠንካራ መልስ አለው፤ በጦርነት ጊዜ ውኃው መሸሸጊያ ሆኗል። ልክ ነው፤ ቅርስ ከየብስ ወደ ደሴት የሸሸበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህም ቢሆን ውኃው ብቻውን አላዳነም። የኢማም አሕመድ ዘመቻ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲደርስ የሆነውን የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ጽፎታል። ወታደሮቹ ወደ ደሴቱ መሻገሪያ ሲያበጁ መነኮሳቱ ተደራደሩ፤ ንብረቱን አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አተረፉ። ያዳነው ድርድር ነው።

ታዲያ የመነጠሉ ስሜት ከየት መጣ? ከሥርዓቱ ይመስለኛል። ባሕር ዳር አጠገብ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ውኃም አንድ ነው። ወደ ክብራን ሴት አትገባም፤ ወደ እንጦስ ትገባለች። ልዩነቱን ያመጣው መነኮሳቱ ወስነው የጠበቁት ሕግ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል። ያ ደሴት ዛሬ ደሴት አይደለም፤ ከየብሱ ጋር ተያይዟል፤ ሰው በእግሩ ይደርሳል። ውኃው ቢሸሽም የወንዶች ገዳምነቱ እንዳለ ነው፤ ሴቶችም ዛሬም አይገቡበትም።