የተሸከሙት

የኮሪያ ጦርነት የተኩስ ማቆም ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፓንሙንጆም ላይ ትልቁ የምርኮኞች ልውውጥ ተጀመረ። ከሰሜን የሚመጡት መኪኖች ደቡብ ኮሪያውያንን፣ አሜሪካውያንን፣ እንግሊዞችን፣ ቱርኮችን ሲያወርዱ ሰነበቱ። ኢትዮጵያዊ ግን አልወረደም። ኢትዮጵያ ካዘመተችው ከቃኘው ሻለቃ በጠላት እጅ የወደቀ ሰው አልነበረምና።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየመታሰቢያው በዓል የምንናገረው ኩራታችን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አነጋገራችን ነው። «አንድም ምርኮኛ አላስያዝንም» ስንል፣ የኢትዮጵያዊ ደም ምርኮን ስለማይቀበል ብቻ በራሱ የሆነ ነገር እናስመስለዋለን። ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። የከፈሉት ደግሞ በተኩስ መካከል ወደ ወደቀው ባልንጀራቸው የተመለሱት ናቸው።

እስቲ ነገሩን በወታደሩ ዓይን እንየው። ከ1944 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪያው ውጊያ የምሽግ ውጊያ ሆኗል። ሁለቱ ወገኖች በየተራራው አናት መሽገው ይተያያሉ። በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ቀን የማንም አይደለም፤ ሌሊት ግን የቃኚዎች ነው። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር የተመደበው ቃኘው የሌሊት ቅኝት ዋና ሥራው ነበር። ቃኚው ቡድን ሲመሽ ከምሽጉ ይወርዳል፤ ድምፁን አጥፍቶ ሸለቆውን ያቋርጣል፤ ከጠላት ጋር ከተገናኘም በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ በእጅ ቦምብ ነው የሚገናኘው።

በዚያ ጨለማ ሰው ሲቆስል ምን ይደረጋል? አንድ ቁስለኛ በገደላማ ተራራ ላይ በቃሬዛ ይውጣ ከተባለ አራት ሰው ይፈልጋል። አሥራ አምስት ሆኖ የወጣ ቡድን ሦስት ሰው ቢቆስልበት የቀሩት አሥራ ሁለቱ ሁሉ ተሸካሚ ሆኑ ማለት ነው፤ ተኩሶ የሚመክት አይቀርም። ስለዚህ በአራቱ ፈንታ አንዱ ባልንጀራውን በትከሻው ይሸከማል፤ የቀሩት ተኝተው ይተኩሱለታል። የተሸከመው ሰው መሮጥ አይችልም፣ መተኮስ አይችልም፣ መሬት ላይ መተኛትም አይችልም። ብርሃን ሰጪው ጥይት ሰማይ ላይ ሲፈነዳ ቆሞ የሚታየው እሱ ነው። ይህን አውቆ ነው ያጎነበሰው። የሞተውን አስከሬን ላለመተው የተመለሰው ደግሞ፣ ለሚተርፍ ሕይወት እንኳ ሳይሆን ነው የራሱን ያስያዘው።

ለምን አስከሬን? እኔ የሚመስለኝ እያንዳንዱ ወታደር የዚያን ባልንጀራውን እናት ስለሚያውቃት ነው። ፊት ለፊት አይቷት ባያውቅ እንኳ ያውቃታል። ሬሳው ሳይገኝ፣ ፍታት ሳይፈታ መርዶ የተነገራት እናት ለቅሶዋ መቼም እንደማያልቅ ያውቃል። በእርግጥም የቃኘው ሙታን በባዕድ አፈር አልቀሩም፤ ዛሬ በፑሳን በተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር የተቀበረ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሁሉም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው የሆነውን ላንሳ። በሦስተኛው የቃኘው ሻለቃ የነበሩት መቶ አለቃ ማሞ ሀብተወልድ አሥራ አምስት ያህል ሰው ይዘው ለቅኝት ወጡ። እጅግ በሚበልጥ የቻይና ጦር ተከበቡ። ከሰዎቻቸው አራቱ ሞቱ፤ የተረፉት ሁሉ ቆሰሉ። የመገናኛ ራዲዮው ተመታ፤ ራዲዮ ከሌለ ደግሞ መድፍ የሚያደርስላቸው የለም። መቶ አለቃው በዚያ እሳት መካከል የሚሠራ ራዲዮ ፈልገው የመድፍ ተኩስ እስኪያስመጡ ድረስ የቆሰሉ ሰዎቻቸውን ይዘው ቆዩ። ለዚህ ሥራቸው ከአገራቸው ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ፣ ከአሜሪካም ሲልቨር ስታር ተቀበሉ። ያን ሌሊት ስንት ገደሉ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኔ የማስበው ግን በሕይወት ስለተመለሱት ነው።

ይህ መተሳሰር ከየት መጣ? «ኢትዮጵያዊነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። አልቃወምም፤ ግን አይበቃኝም። ያ ጦር እንዴት እንደተሠራ መታየት አለበት። ዘማቾቹ ከንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ የተመረጡ ነበሩ። በአንድ ካምፕ አብረው የኖሩ፣ ከመዝመታቸው በፊት የኮሪያን መሬት በሚመስሉ ተራሮች ለወራት አብረው የሠለጠኑ ናቸው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በአንድ መርከብ ተጫነ፤ ፑሳን የወረደውም አብሮ ነው። ጊዜው ሲያበቃ ሌላ ሻለቃ በሙሉ መጥቶ ይተካዋል፤ የመጀመሪያው አብሮ ይመለሳል። በዚያው ግንባር የነበረው አሜሪካዊ ወታደር የሚቀየረው ለብቻው ነበር፤ በግሉ ነጥብ ይቆጠርለታል፣ ነጥቡ ሲሞላ ጓደኞቹን ትቶ አገሩ ይገባል፣ በቦታው የማያውቁት አዲስ ሰው ይመጣል። ልዩነቱን አስቡት። የቃኘው ወታደር አጠገቡ የተኛው ሰው ሲያንኮራፋ እንዴት እንደሆነ፣ ደብዳቤ ሲደርሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን፣ ስንት እህት እንዳለው ያውቃል። አብሮት እንደሚመለስ ተስማምቶ ነው የመጣው። እንዲህ ያለውን ሰው ሸለቆ ውስጥ ትቶ ምሽግ መግባት አይቻልም።

ኤስ ኤል ኤ ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ፣ እግረኛ ወታደርን በእሳት ውስጥ የሚያቆመው ከምንም በላይ የባልንጀራው አጠገቡ መኖር ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። በዚሁ ሰው ሥራ ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ በተለይ ስለ ተኳሾች ብዛት የሰጠው ቁጥር ተነቅፏል። ይህን ሐሳቡን ግን የቃኘው ነገር ይመሰክርለታል። ማርሻል ራሱ በ1945 ከግንባር የተመለሱትን ኢትዮጵያውያን አነጋግሮ ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ታሪካቸውን ከነስማቸው አስፍሯል።

እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። ስማቸውን በዝርዝር ለማግኘት የአሜሪካዊ መጽሐፍ መግለጥ የሚኖርብን ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ፖለቲካው ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ምክንያት ክብር ዘበኛ ተበተነ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ፤ የትግላችን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ ሲቆም የሰሜን ኮሪያ እጅ ነበረበት። በዚያ ዘመን በደቡብ በኩል ተሰልፎ የተዋጋ ሰው ሜዳዩን ደረቱ ላይ ሊያንጠለጥል ይቅርና ታሪኩን ሊያወራ አይደፍርም። የሚያስታውሳቸው መንደራቸው ነበር፤ በአዲስ አበባ ሰሜን ጫፍ ያለው ኮሪያ ሰፈር።

ሌላው ምክንያት ግን ከፖለቲካው የጠለቀ ይመስለኛል፤ የራሳችን የጀግንነት ወግ ነው። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ መካከል ሲገባ የሚቆጥረው የጣለውን ነው። ስንቱን ገደለ፣ ምን ማረከ፣ እልልታው የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ይህን ወግ አላናንቅም፤ ያደግንበት ነው፤ አገርም ጠብቋል። ነገር ግን በዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ «እከሌን ከሸለቆ በጀርባዬ አውጥቼዋለሁ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የተሸከመ አይፎክርም። የተሸከመው ቁስለኛ መንገድ ላይ ሞቶበት ከሆነ ምን ብሎ ይፎክራል? ሲሸከም የወደቀውማ ጭራሽ የለም። ስለዚህ የቃኘውን ትልቁን ሥራ የሚያወሳ ቃል ሳናገኝለት፣ የድሉን ቁጥር ብቻ ይዘን ቀረን።

እኔ እንደማምነው ከ6,000 በላይ ከዘመተው፣ ከ120 በላይ ከሞተው፣ ከ500 በላይ ከቆሰለው ከዚያ ሠራዊት የወረስነው ትልቁ ነገር የቱ ኮረብታ እንደተያዘ አይደለም። ኮረብታዎቹ አብዛኞቹ ዛሬ ሰው በማይደርስበት ከጦር ነፃ በሆነው ቀጠና ውስጥና አካባቢው ናቸው። የወረስነው ወደ ኋላ የተመለሱት ሰዎች ሥራ ነው፤ እሱም እየሞተብን ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሆነው ወታደር ዛሬ ዘጠና አልፎታል። በኮሪያ ቹንቾን ከተማ ያለው መታሰቢያ ግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመርቋል፤ አዲስ አበባም አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ የሞቱት ስም በድንጋይ ተቀርጿል። የተሸከሙት ስም ግን የትም አልተቀረጸም።

ኮሪያ ሰፈር ያላችሁ፣ አባት ወይም አያት ዘማች የነበራችሁ ሁሉ፣ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ስለ ውጊያው ብቻ አትጠይቋቸው። «አባባ፣ ሲቆስሉ ማን ነው ያወጣዎት? እርስዎስ ማንን አወጡ?» በሏቸው። የሚሉትን በስልካችሁ ቅዱት፤ ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ሻለቃውን፣ ሻምበሉን ሳታስቀሩ ጻፉ። ከሞቱም የፎቶግራፎቹን ጀርባ አገላብጡ፤ ያን ጊዜ ሰው ፎቶ ሲሰጣጥ ከኋላው ስሙንና ቀኑን መጻፍ ልማድ ነበር። ግልባጩን ለዘማቾቹ ማኅበርና ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስጡ። የመከላከያ ሠራዊት የታሪክ ክፍልም ከክብር ዘበኛ የተረፉ የቅኝት ዘገባዎች በእጁ ካሉ አውጥቶ ያሳትማቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደወጣና ማን ማንን ይዞ እንደተመለሰ የሚገኘው እዚያ ነው።