ሰዓት ቆጣሪው ይነበብ፦ ለጉምሩክ ዋጋ ትመና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ያገለገለ የግንባታ ማሽን ወደ አገር ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ ሁሉ መነሻው የጉምሩክ ዋጋ ነው። ይህም ማሽኑ የተገዛበት ገንዘብ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣ ኪራዩ ተጨምሮበት የሚገኝ ቁጥር ነው። ቀረጡ በዚህ ላይ ይሰላል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ በቀረጡም ላይ ይደረባል። መነሻው ከተዛባ ከላዩ የሚቆለለው ሁሉ አብሮ ይዛባል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ዋጋው የሚገኝባቸውን ስድስት ዘዴዎች በቅደም ተከተል ደንግጓል። ቀዳሚው ገዢው በእርግጥ የከፈለው ወይም የሚከፍለው ዋጋ ሲሆን፣ ወደ ሌሎቹ የሚኬደው ይህ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው። ኃላፊዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ለጉምሩክ አስተላላፊዎች ያስተማሩትም እነሱ ናቸው።

የተሻሻለ ነገር የለም ማለት አይቻልም። ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ቀንሷል፤ ዲክላራሲዮን በኮምፒውተር ይገባል፤ የአንድ መስኮት አገልግሎትም ከመጣ ወዲህ የየመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በአንድ መንገድ ይጠየቃል። ይሁንና ፍጥነቱ ሰነዱ ተማኙ ፊት እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነው በአንድ ደረቅ ወደብ የተተመነ ካተርፒላር 320ዲ ኤክስካቫተር ነው። ማሽኑ እ.ኤ.አ. የ2010 ስሪት ሲሆን ዱባይ ውስጥ በግልጽ ጨረታ ተገዝቷል። ክፍያው በባንክ ተላልፏል፤ የጨረታው ደረሰኝም ከኢንቮይሱ ጋር ተያይዟል። ሰዓት ቆጣሪው ከ14,000 ሰዓት በላይ ያሳያል። የስፕሮኬቱ ጥርሶች ተበልተው እንደ ጦር ሾለዋል፤ ቡሙ ላይ ከአንድም ሁለት ቦታ የብየዳ ጠባሳ ይታያል፤ የባኬቱ ሲሊንደር ዘይት ያንጠባጥባል። ፈታሹ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክሮ፣ የተሠራበትን ዓመት መዝግቦ ሄደ፤ ካቢኑ ውስጥ አልገባም። ተማኙም ከመረጃ ቋቱ ተመሳሳይ ሞዴልና ዓመት ያለው ማሽን ቀደም ሲል የተተመነበትን ዋጋ አውጥቶ የጨረታውን ዋጋ በእሱ ተካው። ያ ማሽን ስንት ሰዓት እንደሠራ የመረጃ ቋቱ አይናገርም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ «ዋጋው ዝቅ ይላል» የሚል የቃል መልስ ብቻ ነበር፤ በጽሑፍ የወጣ አንድም መስመር የለም።

ቅሬታው ሁሉ ተጠቃሎ እዚህ ላይ ነው። የከባድ ማሽን ዕድሜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። በካባ ቀንና ሌሊት ሲቆፍር የኖረ ኤክስካቫተርና ለመጠባበቂያ ተይዞ የቆመ አቻው የስሪት ዓመታቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አይገናኝም። በሰንሰለት በሚሄዱ ማሽኖች ላይ ደግሞ ከጥገናው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የእግር ክፍሉ ነው። ሰንሰለቱ፣ ሮለሩና ስፕሮኬቱ ያለቀበት ማሽን የገዛ ሰው ቀሪውን ዋጋ ለመለዋወጫ ሻጭ ይከፍላል። የዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ስምምነት «ተመሳሳይ ዕቃ» የሚለው በአካላዊ ባሕርይው፣ በጥራቱና በስሙ በሁሉም ረገድ አንድ የሆነውን ነው። ሰዓቱ ያልታወቀ ማሽን በዚህ መለኪያ ለማንም ማነጻጸሪያ አይሆንም።

ተማኝ መጠራጠር አይችልም የሚል የለም። ስምምነቱ ራሱ ለጥርጣሬ ቦታ ሰጥቷል፤ ግን ሥርዓት ተበጅቶለታል። ተማኙ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ አስመጪው ከፈለገ የጥርጣሬው ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ መልስ የሚሰጥበት በቂ ዕድልም ያገኛል። ዝቅተኛ ዋጋ አስቀድሞ ወስኖ መተመን፣ ወይም ከሁለት ዋጋ ከፍተኛውን መርጦ መውሰድ በስምምነቱ አንቀጽ 7 የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ለመሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ካመለከተች ጀምሮ ስትደራደር የኖረች አገር ናት። አሠራሩ ከስምምነቱ ጋር የሚቃረን ከሆነ የድርድሩ ውጤት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

በእርግጥ ጥርጣሬውን ያመጡት ነጋዴዎች ናቸው። የውጭ ምንዛሪ በጠፋባቸው ዓመታት ብዙዎች ከዋጋው ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በጥቁር ገበያ እየከፈሉ አሳንሰው አሳውቀዋል። ሰዓት ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚመልሱ ሻጮች አሉ፤ «የትም ብታቀርበው ይጨምሩብሃል» እያሉ ሁለተኛ ኢንቮይስ የሚያዘጋጁ አስተላላፊዎችም አሉ። ዘርፉ ከዚህ ነውር አልጸዳም። ሆኖም እውነተኛ ዋጋ አቅርቡ እያሉ ደንበኛ እስከማጣት የደረሱ አስተላላፊዎችም ነበሩ። ዛሬ የእነሱ ደንበኛና የአታላዩ ደንበኛ በአንድ ቁጥር ሲተመኑ፣ ሕግ አክባሪው ያተረፈው ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት ያቅታቸዋል።

የስህተቱም ክብደት ጨምሯል። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ያልተለወጠ የትመና ስህተት በብር በእጅጉ ጨምሯል ማለት ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው አስመጪው ብቻ አይደለም፤ የማሽን ኪራይ በሰዓት የሚከፍለው የመንገድ ተቋራጭም በመጨረሻ ከዚያው ሒሳብ ይደርሰዋል።

የአቤቱታ መንገድ መኖሩ በሕግ ደረጃ እውነት ነው። ሆኖም ማሽኑ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት፣ የመጋዘን ኪራይ እየቆጠረ፣ የተቋራጩ ውል ቀን እየገፋ አቤቱታ የሚከራከር ባለንብረት ጥቂት ነው። ብዙው ከፍሎ ያወጣል፤ ያ የተጫነበት ዋጋም ነገ ለሌላው ማሽን ማነጻጸሪያ ሆኖ የመረጃ ቋቱ ውስጥ ይቀመጣል።

የሚጠየቀው ለውጥ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። የፍተሻ ቅጹ የሠራበት ሰዓት፣ የእግር ክፍሉ ሁኔታና የሚታዩ ጉዳቶች የሚሞሉበት ቦታ ይኑረው፤ የሰዓት ቆጣሪው ፎቶም ይያያዝ። ያለ ሰዓት የተመዘገበ የቀድሞ ትመና ለማነጻጸሪያ አይቅረብ። የቀረበ ዋጋ ውድቅ ሲደረግ ምክንያቱ ተጽፎና ተፈርሞ ይሰጥ። ልዩነቱ እስኪጣራ ድረስም አስመጪው ባሳወቀው ዋጋ የሚመጣውን ቀረጥና ታክስ ከፍሎ፣ ለቀሪው የባንክ ዋስትና አስይዞ፣ ማሽኑን በሎቤድ ጭኖ ወደ ሥራው ቦታ ይውሰድ።