የሚያመው ጉልበት፣ ጥፋቱ የዳሌ

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ የሄደ ሰው የማወራውን ያውቃል። ለቦርጭ የመጣውም፣ ለክለብ ሙከራ የሚዘጋጀውም፣ ሽማግሌውም ደረጃው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። እኔም የስፖርት መምህር ነኝና ተማሪዎቼን ይዤ እወጣለሁ። ዛሬ ግን ስለ ፍጥነት አላወራም።

ሁለት ዓመት አለፈው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፣ ጎበዝ ሯጭ። «ቲቸር፣ ጉልበቴን አመመኝ» ስትለኝ «ሲሞቅሽ ይለቅሻል፣ ጨርሺ» አልኳት። ጨረሰች። በሳምንቱም እንደዚያው። በወሩ ሩጫውን ተወችው። በኋላ ስልኬ ላይ የቀረፅኩትን ቪዲዮ ሳየው ደነገጥኩ፤ ደረጃ ስትወርድ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ እየገቡ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ለካ ሰዓቷን ስይዝ እግሯን አይቼው አላውቅም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው ማለት ይቻላል፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ወደ ጎን ግን ብዙም አይሄድም። ዳሌ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች ኳስ በየአቅጣጫው ይዞራል። የጭን አጥንት ላይኛው ጫፉ ዳሌ ውስጥ ነው፣ ታችኛው ጉልበት ላይ። ላይ ጭኑ ወደ ውስጥ ከዞረ ታች ጉልበት ምን ምርጫ አለው? አብሮ ይሄዳል። ጭኑን የሚይዘው ደግሞ የመቀመጫችን ጡንቻ ነው፣ በተለይ በጎን በኩል ያለው። ስንሮጥ ሁሌም የምናርፈው በአንድ እግር ነው። ያ ጡንቻ ከደከመ በሌላው ጎን ያለው ዳሌ ይወርዳል፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጉልበት ሎሚም በትክክለኛው መስመሩ አይንሸራተትም። ስንወርድ ይብሳል፤ ያን ጊዜ ጉልበት እየታጠፈ የሰውነታችንን ክብደት ያቆማልና።

እኛ ግን ምን እንላለን? «ጫማሽ ነው»፣ «አስፋልቱ ነው»፣ «ቅባት ተቀቢ»። ያመመበት ቦታ ላይ ብቻ እናፈጣለን።

በ2017 የካዛንቺስ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ብዙ ተማሪዎቼ ከሩቅ ነው የሚመጡት። ታክሲ ውስጥ ተጣጥፈው፣ ክፍል ገብተው ዴስክ ላይ፣ ማታም እንደገና ታክሲ። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ልጅ ዳሌውን መቼ ያሠራዋል? በእኔ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ እሱንም ፈተና ሲደርስ የሒሳብ መምህሩ ይወስደዋል። (ሒሳብን አልጠላሁም።)

ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ የምለው፣ ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት ልጁን ፊት ለፊት ቁሙና እዩት። በአንድ እግሩ ይቁምና ቀስ ብሎ ጉልበቱን ይጠፍ። ጉልበቱ በጣቶቹ አቅጣጫ ከሄደ ጥሩ። ወደ አውራ ጣቱ ውስጠኛ ጎን ከወደቀ ወይም ዳሌው ከተንጋደደ፣ ያ ልጅ ደረጃ ከመውረዱ በፊት ሌላ ሥራ አለው። በጎኑ ተኝቶ እግር ማንሳት። ከኋላው በርጩማ እንደሚፈልግ ሰው መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ ዝቅ ማለት። ብር አይጠይቅም፣ ሜዳም አይጠይቅም፣ ኮሪደር ላይ ይሠራል። እኔ አሁን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለዚህ ነው የማውለው፤ ልጆቹ «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንሮጠው?» እያሉ ያጉረመርሙብኛል።

የጉልበት ሕመም ሁሉ ከዳሌ ነው አላልኩም። ካበጠ፣ አልታጠፍም ካለ፣ ስትረግጡበት ከከዳችሁ ሐኪም ጋ ነው እንጂ እኔ ጋ አይደለም።

ልጅቷን ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ መንገድ ላይ አገኘኋት። 12ኛ ጨርሳለች። «ጉልበትሽስ?» አልኳት። «ደህና ነው ቲቸር፣ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነው» አለችኝ።