ሁለት ደቂቃ ሲዳማ

የደረሰን ሲዳማ ነበር። «የደረሰን» ያልነው ነገሩ ዕጣ ስለነበረ ነው። የኅዳር 29 በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ የብሔረሰቦችን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ኮፍያ ውስጥ ከተተ፤ የየትምህርት ክፍሉ ተወካይም እጁን እየሰደደ አወጣ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎቹ ሲዳማ ወጣ። ስድስት ሴቶች ነን፤ አንዳችንም ሲዳማ አይደለንም። ሐዋሳንም ቢሆን የምናውቃት በዓሣዋ ነው።

ልምምዱ እንዴት ነበር ብትሉ፣ በስልክ! ከዩቲዩብ አንድ ክሊፕ አወረድን፣ የዶርሙን አልጋዎች ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ስልኩን መስኮት ላይ አቆምንና ሳምንቱን ሙሉ ዘለልን። የባህል ልብስ ተዋስን። ማታው ደረሰ። ከእኛ በፊት ጉራጌ፣ ከእኛ በኋላ ጋምቤላ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። አዳራሹ አበደ። እውነቱን ለመናገር በዩኒቨርሲቲ ቆይታችን ሁሉ ያን ያህል የተጨበጨበልን ቀን የለም።

ላብ በላብ ሆነን ወደ ዶርም ስንመለስ የጎረቤት ዶርም ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘችን። ሲዳማ ናት። «አምሮባችኋል» አለች። ቀጥላም፣ «ግን ዘፈኑ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?»

ዝም።

«ሳምንቱን ሙሉ ስትዘሉ በግድግዳው እሰማ ነበር። ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ጠብቄ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምረን ስንሸመድድ የኖርን ሰዎች ነን። ከነዚህ አንዷን እንኳ ሳንጠይቅ መድረክ ላይ ወጣን። ምንጫችን ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች።

ያን ማታ ብዙ ነገረችን። በስድስታችን የዘለልንበት ዘፈን ቄጣላ መሆኑን፤ ቄጣላ የወንዶቹ እንደሆነ፣ ሴቶቹ ሆሬ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ፋሮ እንዳላቸው። እኛ የሁሉንም እንቅስቃሴ በሁለት ደቂቃ አደባልቀነዋል። በቄጣላ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የሚመሰገነው ይመሰገናል፣ የሚወቀሰውም ይወቀሳል። እኛ ጥርሳችንን ገልጠን የዘለልንበት ቦታ ላይ ለካ ግጥሙ እየወቀሰ ነበር!

ስለ ፊቼ ጫምባላላም አጫወተችን። የዘመን መለወጫው ቀን በካላንደር ተቆርጦ እንደማይጠብቅ፣ ሰማዩን የሚመለከቱ አያንቶዎች እንደሚወስኑት። ከተዳረች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ስለነበረች ሴት። ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ምግብ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ይህንን እኛም እናውቅ ነበር። ለፈተና።

ጥፋቱን ሁሉ ኮሚቴው ላይ አንለጥፍም። አገሪቱን በአንድ ምሽት መድረክ ላይ ማሰለፍ የቆየ ልማድ ነው። በ1980 ዓ.ም. ለድርቁ እርዳታ ምስጋና ብሎ አውሮፓና አሜሪካን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የየብሔረሰቡን ጭፈራ አከታትሎ አሳይቷል፤ እነሱ ግን ሙያተኞች ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በበዓልነት ሲከበር ደግሞ ትምህርት ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ቴሌቪዥኑም ያንኑ አሰላለፍ ያዘ። የእኛ ትውልድ ስለ ጎረቤቱ ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው፦ ጉራጌ በእግሩ፣ ወላይታ በወገቡ፣ ጎጃም በትከሻው። ከወገብ በላይ ያለው ሰውዬ ምን ያስባል? እሱን አልደረስንበትም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ስናወራ «እንግዲያውስ የሲዳማውን ሲዳማው ይጨፍረው!» ይላሉ። አንስማማም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው የብሔር ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሲሞቱ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያወጡ ሲሯሯጡ፣ አንዱ ትልቁ ችግር ያው «የኔ» እና «ያንተ» ነበር። ጭፈራውንም በዶርም ቁጥር እንከፋፈል? ደግሞም ልብ በሉ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ አንዳችን የሌላውን ልብስ ለብሰን ኅዳር 29 ላይ ስንጨፍር ነበር። ግጭቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልብስ መዋዋሱ አላዳነንም። ብንጠያየቅ ኖሮ ያድነን ነበር ወይ? እንዲህ ብለን አንፎክርም። ግን በግድግዳው ወዲያ ያለችውን ልጅ ሳምንት ሙሉ ጭፈራዋን እየጨፈርን በሯን አለማንኳኳታችን ምን ዓይነት መተዋወቅ ነው?

በዓመቱ ዕጣውን ሳንጠብቅ ሲዳማን ራሳችን ጠየቅን። በዚህ ጊዜ አስተማሪያችን ጎረቤታችን ነበረች፤ የወንዶቹን ለወንዶች ትተን ሆሬ ተማርን (ትግዕስቷን ያየ ሰው ያዝንላታል)። ለኮሚቴውም ሐሳብ አቀረብን፦ አሥሩን ጭፈራ ከምታከታትሉ ዘንድሮ አንዱን ብቻ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከማብራሪያው ጋር፤ ለከርሞ ሌላውን። ኮሚቴው ደነገጠ። «ለአንዱ ብሔረሰብ ሃያ ደቂቃ ሰጥተን ሌላው ምን ይለናል?»

ስንከራከር ሰነበትን። በመጨረሻ ሠላሳ ሰከንድ ተጨመረልን። እሷንም ለጎረቤታችን ሰጠናት። ማይክ ይዛ ዘፈኑ ምን እንደሚል ለአዳራሹ መናገር ጀመረች፤ ሳትጨርስ ዲጄው የጋምቤላውን ለቀቀው።