ሰላምታው ይቆጠር
ሽማግሌ ዘመዶቻችንን ስልክ ደግነን «እስቲ የድሮውን ያጫውቱን» ማለት ለምደናል። ደግ ነው፤ እኔ ግን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን የደብዳቤ እሽግ ይበልጥ አምነዋለሁ። ካሜራ ፊት የሚወራው ጦርነቱና ድርቁ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ግን የላሟ መውለድ፣ የጤፍ መወደድ፣ የተላከው ብር መድረስ አለመድረሱ አለ። ብዙዎች የሚሳለቁበት ያ ረጅም ሰላምታ እንኳ የቤተሰብ መዝገብ ነው፦ እገሊት ሰላም ትልሃለች፣ እገሌም እንዲሁ። አምና የነበረ ስም ዘንድሮ ከቀረ አንድ ነገር ሆኗል፤ መርዶ በፖስታ አይነገርማ! የእጅ ጽሑፉም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ለሰፈር ተማሪ እየነገረች ታጽፍ ነበር፤ ተማሪውም (አይቀርም) ከራሱ ማሳመሪያ ጣል ያደርግበታል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ግን በአንዳንዱ ቤት እሽግ ውስጥ የተንጋደደ፣ የራሷ የእናቲቱ ፊደል ብቅ ይላል። ማሸጊያ ፖስታውንም አትጣሉት። ደብዳቤ ቤት ድረስ ስለማይመጣ የሚላከው በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር፤ አጎታችሁ በየትኛው ዓመት የት ይሠሩ እንደነበር፣ እሳቸው ራሳቸው ቢረሱት እንኳ፣ ከዚያ ላይ ታገኙታላችሁ።